ጎጃም ላይ በረራ ለመማር የትኛው ቀላል አውሮፕላን ይሻላል?

አምራቾች በመሸጫ ወረቀታቸው ላይ የሚያሰፍሩት ቁጥር በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነው። ባሕር ዳር ያለው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 1820 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በአብራሪዎች ልኬት 6000 ጫማ ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው። የደብረ ማርቆስ ከተማ ደግሞ 2450 ሜትር አካባቢ፣ ማለትም 8000 ጫማ ላይ ተቀምጣለች። ቆላ ሜዳ ላይ «ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም» የተባለለት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ጣና ዳር በመጋቢት ፀሐይ ሲነሣ ሌላ አውሮፕላን ይሆናል። ማሠልጠኛ የሚመርጥ ተማሪም ሆነ ለማሠልጠኛ አውሮፕላን ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አየሩን ነው።

ቀድሞ የሚሠራው ስሌት

አየር በሞቀ ቁጥር ይሳሳል። አውሮፕላኑ «የሚሰማው» ከፍታም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ይህን አብራሪዎች ዴንሲቲ አልቲትዩድ ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። በባሕር ጠለል መደበኛው ሙቀት 15 ዲግሪ ሲሆን በየ1000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ በ6000 ጫማ መደበኛው 3 ዲግሪ ነው። የዕለቱ ሙቀት ከዚህ በበለጠበት በእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ይደመራል። በመጋቢት ከቀኑ 8 ሰዓት ባሕር ዳር 30 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 27 ነው። 27 በ120 ሲባዛ 3240 ይሆናል፤ አውሮፕላኑም የሚነሣው ከ9200 ጫማ በላይ እንዳለ ሆኖ ነው። በዚያው ቦታ በጥር ማለዳ፣ በ12 ዲግሪ፣ ስሌቱ 7100 ጫማ ገደማ ይሰጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ 24 ዲግሪ በሆነ ቀን ውጤቱ 11000 ጫማ ይደርሳል።

በ9200 ጫማ አየር ውስጥ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ 27 ያህሉን ያጣል። 110 የፈረስ ጉልበት የተባለው 80 ይሆናል፣ 160ው 116፣ 180ው 131። ክብደቱ ግን አይቀንስም። እዚህ ላይ ነው የባዶ አውሮፕላኑን ክብደት፣ የሁለት ሰው 150 ኪሎና የሁለት ሰዓት ተኩል ነዳጅ ደምሮ ለቀረው ጉልበት ማካፈል የሚያስፈልገው። ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ፣ የጄት ነዳጅ 0.8 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ያገለገለ አውሮፕላን ባዶ ክብደቱ ከወንድሙ ይለያል፤ ትክክለኛው ቁጥር ያለው በራሱ የሚዛን ሰነድ ላይ ስለሆነ ሻጩ ያንን እንዲያሳይ መጠየቅ ያስፈልጋል። በተለመደው ክብደት ስናሰላ በእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጭነት ሴስና 152 ላይ 8.8 ኪሎ፣ 160 ጉልበት ባለው ፓይፐር ዋሪየር 7.7፣ 180 ጉልበት ባለው ሴስና 172 7.4፣ ሮታክስ 912 የሚባለው ሞተር በተገጠመላቸው ባለ ሁለት መቀመጫዎች ደግሞ እንደዚያው 7.4፣ በዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ 6.6 ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አውሮፕላኑ ሽቅብ መውጣቱ ይሻላል።

ከዚህ ስሌት ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይወጣል። ሴስና 172 እስከ መጨረሻው የተፈቀደ ክብደቱ፣ 1157 ኪሎ፣ ሲጫን ያ ቁጥር 8.8 ይሆናል፤ ከ152 ጋር እኩል ማለት ነው። ትልቁ ሞተር የሚጠቅመው ከኋላ ሁለት ሰው እስካልተቀመጠ ድረስ ነው። «አራት መቀመጫ ስላለው ጓደኞቼም ይመልከቱ» ብሎ ከተማሪው ኋላ ሁለት ኩንታል የሚጭን ማሠልጠኛ የከፈለበትን ጉልበት መልሶ ያጠፋል።

ሴስና 152

ከ1977 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ የላይኮሚንግ ኦ-235 ሞተር ያለው አውሮፕላን ነው። በሰዓት 23 ሊትር ያህል አቭጋዝ (የአውሮፕላን ቤንዚን) ይጠጣል። መካኒኩ ያውቀዋል፣ መለዋወጫው አለ፣ ተማሪው ሲሳሳት ይታገሣል። በእግር የሚሠራውን የጅራት መሪ ካልረገጡ በግልጽ ስለሚንሸራተት እግርን ያስተምራል። ለባሕር ዳር ማለዳ አይከፋም።

ችግሩ ከረፋዱ በኋላ ነው። በባሕር ጠለል በሙሉ ክብደቱ በደቂቃ 715 ጫማ የሚወጣው አውሮፕላን በ9200 ጫማ አየር ውስጥ 330 አካባቢ ይቀረዋል። በደብረ ማርቆሱ 11000 ጫማ ወደ 250 ይወርዳል። የፍጥነት ማጣት ልምምድ (ክንፉ መሸከም ሲያቆም ማገገም የሚለመድበት) ለመሥራት ከመሬት 3000 ጫማ መውጣት ሲያስፈልግ ከባሕር ዳር 11 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 172 በሁለት ሰው ያንኑ ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። የአንድ ሰዓት ክፍያው ርካሽ ቢሆንም ከሰዓቱ አንድ አምስተኛው በመውጣት ብቻ ያልቃል።

ቀስ ብሎ መውጣት ሌላም ጣጣ አለው። ወፍ የሚበዛው ለመሬት በቀረበው አየር ነው፤ ጣና ዳር ደግሞ ርግብ፣ ጭልፊትና ይብራ ሞልቷል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ርግቦች ገብተው ለመውደቅ በቅቷል፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ቀላል አውሮፕላን ላይ የሚያሰጋው በተለይ የፊት መስታወቱ ነው። በወፎቹ መካከል የሚቆይባት እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች።

152 ላይ ክብደትም አጉል ቦታ ላይ ያልቃል። ከፍተኛው 757 ኪሎ ነው። ባዶው 510 ኪሎ ሆኖ ተማሪና አስተማሪ እያንዳንዳቸው 90 ኪሎ ከሆኑ ለነዳጅ የሚተርፈው 67 ኪሎ ነው፤ ያም ሙሉ ታንኩ ነው። ለቦርሳ፣ ለውኃ፣ ለምንም ቦታ የለም። አውሮፕላኑ በኋላ ዘመን በተጨመረ ሬዲዮና ቀለም 15 ኪሎ ከብዶ ከሆነ ነዳጅ ይቀነሳል እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ሴስና 172

የመጀመሪያው ከበረረ ከ1955 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ44000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ ከእሱ በላይ የተመረተ አውሮፕላን የለም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ይለያያል። የድሮዎቹ 145፣ 150 ወይም 160 ጉልበት አላቸው፤ «ኤስ» የሚባለው 180። ለጎጃም ልዩነቱ ቁርጥ ያለ ነው፤ 150 ጉልበት ያለውን እዚህ አምጥቶ ከ180ው ጋር አንድ ዋጋ መክፈል አይገባም።

«ኤስ» ነዳጁን በኢንጄክሽን ስለሚያገኝ ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ የመያዝ ችግር የለበትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በክረምት ጣና ላይ አየሩ እርጥብ ሆኖ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ካርቡሬተር ያላቸው ሁሉ፣ 152ም ዋሪየርም፣ ለማረፍ ጋዝ ቀንሰው ሲወርዱ ቬንቱሪው (የካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ) ላይ በረዶ ይጋገራል። ምልክቱ ማንም ሳይነካው የሞተሩ ዙር ቀስ እያለ መውረዱ ነው። የካርቡሬተሩ ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ የቀለጠው ውኃ ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ ይንተፋተፋል፤ ብዙ ጀማሪ ያኔ ደንግጦ ማሞቂያውን ይመልሰዋል፤ ስሕተቱም እዚያ ላይ ነው። መታገሥ ያስፈልጋል። የኢንጄክሽኑ ድክመት ደግሞ በሙቅ ቀን ቆሞ ዳግም ሲነሣ ይታያል፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ቤንዚን ስለሚተን አስነሥቶ ለማቆየት ልምድ ይጠይቃል።

ክንፉ ከላይ መሆኑ ለዚህ አገር ይስማማል። ጥላ ይሆናል፣ መሬቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ተማሪው የአባይን መውጫ፣ የደጀንን አፋፍ፣ የጮቄን ጫፍ እያየ አቅጣጫውን ይለያል። ነዳጁም በስበት ይወርዳል፤ «ሁለቱም» የሚል የታንክ መምረጫ ስላለ ታንክ መቀየር ረስቶ ሞተር ማጥፋት አይኖርም። ሞተሩ ቢቆም ከመሬት 2000 ጫማ ላይ ሆኖ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያ ርቀት የሚወስደው ወዴት እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ያገለገለ 172 ሲታይ ሁለት ቦታ ላይ ጎንበስ ማለት ይገባል። አንደኛው በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለው የላሜራ ግድግዳ ነው። ጀማሪ በአፍንጫ ጎማው ቀድሞ ሲያርፍ ድንጋጤው እዚያ ይደርሳል። በባትሪ መብራት በአግድም ሲያዩት ላሜራው እንደ ተጨማደደ ወረቀት መስመር ካሳየ፣ የሪቬቶቹም ራስ ዙሪያ ጥቁር አቧራ ካለ ተመትቷል ማለት ነው፤ ቀለም ይህን አይደብቅም። ሁለተኛው የወንበሩ ሐዲድ ነው። መቆለፊያው የሚገባበት ቀዳዳ በመበላት ሞላላ ከሆነ ሲነሡ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል፤ ተማሪው መሪውን ይዞ ሲሄድ አፍንጫው ይቀናል። በዚህ ምክንያት ሐዲዱ በየጊዜው እንዲለካ የሚያዝ የደኅንነት መመሪያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። መለኪያው በሰነዱ ውስጥ ተመዝግቦ ካልተገኘ አይገዛም።

ፓይፐር ዋሪየርና አርቸር

ዝቅ ያለ ክንፍ አላቸው። መሬት ላይ ሲያርፉ ረጋ ይላሉ፤ የጎን ነፋስን ከ152 በተሻለ ይቋቋማሉ፤ የተረጋገጠው መጠን ለዋሪየር 17 ኖት፣ ለ172 15፣ ለ152 12 ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና ለሚመጣው ነፋስ ይህ ይረዳል። በጎኑ ደግሞ ነዳጁ በእጅ ከግራ ወደ ቀኝ ታንክ ይቀየራል፤ «ሁለቱም» የለም። በሩ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በቀኝ በኩል ነው፤ በቸኮለ ጊዜ አስተማሪው ካልወጣ ተማሪው አይወጣም። ከሁሉ በላይ ሰነዱ ውስጥ የክንፉ ዋና ምሰሶ ለስንጥቅ የተፈተሸበትን ገጽ መፈለግ ያሻል፤ ብዙ ሰዓት በሠሩ የዚህ ቤተሰብ አውሮፕላኖች ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ምርመራ ታዟል። ለባሕር ዳር 160ው ይበቃል። ለደብረ ማርቆስ 180 ጉልበት ያለው አርቸር ይሁን።

ሮታክስ የተገጠመላቸው ቀላል ባለ ሁለት መቀመጫዎች

ቴክናምና መሰሎቹ ብዙውን ጊዜ እስከ 600 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ባዶአቸው 360 ኪሎ አካባቢ ነው። ለኪስ የሚራሩት እነዚህ ናቸው፤ በሰዓት 17 ሊትር ያህል ይበቃቸዋል። ሮታክስ 912 በደቂቃ እስከ 5800 ዙር እየዞረ በማርሽ ለፕሮፔለሩ ይቀንሰዋል። የካርቡሬተሩ አሠራር ከፍታውን ራሱ እያካካሰ ስለሚሄድ የሚክስቸር ዘንግ (የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ የሚመጥነው) የለውም። ከአቭጋዝም ሌላ የመኪና ቤንዚን ይቀበላል፤ ነገር ግን ኤታኖል የተቀላቀለበትን በሙቀትና በከፍታ መጠቀም አደጋ አለው፤ ቶሎ ይተናል፣ ቧንቧ ውስጥ አረፋ ሆኖ ፍሰቱን ይዘጋል። ከማደያ የተቀዳ ከሆነ ምርመራው ቀላል ነው። በጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ውኃ እስከ ምልክት ጨምሮ ቤንዚኑን ከላይ ሞልቶ መናጥና ማስቀመጥ፤ የውኃው መስመር ከምልክቱ ከፍ ካለ ኤታኖል አለበት።

ጭነቱ ለጉልበቱ ከ172 እኩል መሆኑን ከላይ አይተናል። ታዲያ ለምን ለሁሉም አንመክረውም? አንደኛ፣ ቀላል ስለሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል የሚነሣው ሽቅብ አየር እንደ ላባ ያንገላታዋል፤ ጀማሪ ትምህርቱን ትቶ ሆዱን ይይዛል። ሁለተኛ፣ የአፍንጫ እግሩ ቀጭን ነው፤ ዋልካ አፈር ዝናብ ከጠጣ በኋላ፣ ወይም ጠጠር ባለበት ሜዳ፣ ቶሎ ይጎዳል። 115 ጉልበት ያለው ባለ ቱርቦው 914 ወይም 141 ያለው 915 ከተገኘ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለደጋ ከሁሉ የሚስማማ ባለ ሁለት መቀመጫ እሱ ነው።

ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ

በጄት ነዳጅ የሚሠራ 168 ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር አለው። ቱርቦ ስላለው ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ላይ ጉልበቱ ብዙም አይጎድልም፤ ለዚህ ነው በስሌቱ አንደኛ የወጣው። በሰዓት 21 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ አቭጋዝ በበርሜል ከሩቅ ማስመጣትም ይቀራል። ወጪውን ለሚቆጥር ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓለም አቀፉ የግል አብራሪ ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት ስለሚጠይቅ 45 ሰዓት ብንቆጥር ዲኤ40 945 ሊትር፣ 172 1575 ሊትር፣ 152 1035፣ ሮታክስ 765 ሊትር ይፈጃሉ።

የሚጠይቀው ደግሞ ሠራተኛ ነው። ሞተሩን የሚያዝዙት ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ራዲያተር አለው፣ ማርሽ አለው፣ ሰዓታቸው ሲሞላ የግድ የሚቀየሩ ውድ ክፍሎች አሉት። በሞተሩ የሠለጠነ መካኒክና የመመርመሪያ መሣሪያው በአቅራቢያ ከሌለ አንዲት ሴንሰር ስትበላሽ አውሮፕላኑ ሳምንት ይቆማል። አካሉ ፋይበር ስለሆነ እንደ አሉሚኒየም አይጠገንም፤ ሙቀት ሙጫውን ስለሚያላላው ቀለሙ ነጭ ሆኖ መቆየት አለበት፣ ፀሐይ ላይም ያለ ጥላ አይተውም። የተደበቀ ጉዳት ለመፈለግ በሳንቲም ጠርዝ ላዩን ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነው። ጤናማው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተላቀቀው «ዱብ» ይላል።

ለተማሪ አንድ ጉድለት አለው፤ ጋዝ መስጫው አንድ ብቻ ስለሆነ ሚክስቸር ማስተካከል አይማርበትም። በዲኤ40 የተማረ ሰው በኋላ 172 ላይ ሲቀመጥ ለዚህ ብቻ ሰዓት መመደብ አለበት።

ሚክስቸር፣ ጎጃም ላይ ተማሪ መጀመሪያ የሚወድቅበት

የ152ና የ172 ማኑዋሎች ከ3000 ጫማ በላይ ከመነሣት በፊት ነዳጁ እንዲቀጥን ያዝዛሉ። ቆላ የተማረ አስተማሪ «ለመነሣት ቀዩ ዘንግ (ሚክስቸሩ) እስከ መጨረሻው ይገፋ» ብሎ ካስተማረ ሞተሩ በቀጭን አየር ውስጥ ብዙ ቤንዚን ይዋጣል፤ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸትና እርሳስ ይይዛል። ትክክለኛው አሠራር ፍሬን ይዞ ሙሉ ጋዝ መስጠት፣ ቀዩን ዘንግ ቀስ እያሉ መሳብ፣ ዙሩ ጨምሮ ከፍተኛው ላይ ሲደርስና መውረድ ሲጀምር ትንሽ ወደ ፊት መመለስ ነው። ታክሲ ሲያደርጉም፣ ማለትም መሬት ላይ ሲነዱት፣ ቀጠን ብሎ ይቆይ። በ172 ኤስ የማግኔቶ (ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) ፍተሻ በ1800 ዙር ሲሠራ የዙሩ መውረድ ከ150 ከበለጠ፣ ወይም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ50 ካለፈ አይነሡም። አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ካንዴላ ነው፤ በ2000 ዙር አካባቢ አቅጥኖ አንድ ደቂቃ ማቆየት ያጸዳዋል። ካልጸዳ መካኒክ ይፍታው።

ፍጥነት ላይም አንድ ነገር። በመጋቢቱ አየር ሜትሩ 65 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት 75 ገደማ ይሄዳል። መሬቱ በፍጥነት ሲመጣ ተማሪ «በዛ» ብሎ አፍንጫውን ያነሣል፣ ሜትሩ 55 ይገባል፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል። መታመን ያለበት ሜትሩ ነው። መንደርደሪያው ባሕር ዳር ላይ ወደ 3000 ሜትር ስለሆነ ይህ ርዝመት አያስጨንቅም፤ በአጭር ሜዳ ላይ ግን የመነሻው ርቀት በባሕር ጠለል ከሚፈለገው ሁለት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ታስቦ ይለካ።

ታዲያ የትኛው?

አቭጋዝ የሚገኝ ከሆነ 180 ጉልበት ያለው ሴስና 172፣ በሁለት ሰው ብቻ። የጄት ነዳጅም የሞተሩ መካኒክም በቅርብ ካሉ ዲኤ40 ኤንጂ፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ይተው። በጀቱ ከሁለቱም የማይደርስ ሰው ሮታክስ ያለውን ይዞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ብቻ ይማር፤ ይህ ሰዓት ለማንኛውም ተማሪ ነፋሱም አየሩም የሚገራበት ነው። ዋሪየር በጥሩ ሁኔታ ከተገኘ ባሕር ዳር ላይ አያሳፍርም። 152ን ለደብረ ማርቆስ በምንም ዋጋ አንመክርም።

ያገለገለ ሲገዛ ሰዓቱ ብቻ አይታይ። ለአብዛኞቹ ላይኮሚንጎች አጠቃላይ ጥገና የሚመከረው በ2000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት ነው። 600 ሰዓት ብቻ የሠራ፣ ግን ዓመታት ቆሞ የኖረ ሞተር ከ1500ው ሊብስ ይችላል፤ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሞተሩ አናት ላይ ስለሆነ ሲቆም ዘይቱ ወርዶ ይደርቅና ይዝጋል። የዘይት ፊልትሮው ተቆርጦ ወረቀቱ ነጭ ጨርቅ ላይ ይዘርጋ፤ ማግኔት የሚይዘው ብልጭ ብልጭ የሚል ብናኝ ከተገኘ ድርድሩ ይቁም። የሲሊንደሮቹ መጭመቂያ በ80 ሲለካ 60 አካባቢ የወረደ ካለ አየሩ የሚያፈስበት ቦታ ይሰማ፤ በጭስ መውጫው ከሆነ ቫልቭ ነው።

የሙከራ በረራውን ሻጩ በማለዳ ሊያደርገው ይፈልጋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን ይበሉ፤ ሁለት ሙሉ ሰው ይቀመጥ፣ ታንኩ ከግማሽ በላይ ይሁን። ከተነሣ በኋላ ማኑዋሉ ለዚያ ከፍታ በሚያዘው የመውጫ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጋዝ ይያዝና የከፍታ መለኪያው ልዩነት ይጻፍ። ከ600 ጫማ በታች ከሆነ ያ አውሮፕላን ለሌላ አገር ነው።